ቆርኪው ልኩን ያውቃል

ቅዳሜ ጠዋት ከካራ አሎ ወይም ከጉራራ ዳገት ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ካልተተከለ በቀር፣ አንድ ፒካፕ ሳያጋጥመው አይቀርም። ነዳጅ አይጠጣም። ታርጋ የለውም። ትራፊክም አያስቆመውም። ሻንሲው የአጥር ሽቦ ነው፣ ጋቢናው የዘይት ቆርቆሮ ነው፣ ጎማው ቆርኪ ነው። መሪው እስከ ልጁ ወገብ በሚደርስ ረዥም ሽቦ ጫፍ ላይ ተጠምዟል፤ ባለቤቱ ቆሞ እየተራመደ ያሽከረክረዋል። ኩርባ ላይ ሲደርስ በአፉ ማርሽ ይቀይራል። ካሶኒው ላይ አምስት ስድስት የባሕር ዛፍ ጭራሮ በላስቲክ ታስሮ ተጭኗል። ከእንጦጦ የወረደ አጣና መሆኑ ነው።

ወዲያው የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ ይሰማል፦ «አንተ ልጅ! ይሄን ቆሻሻ ጥለህ ግባና አጥና!»

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ «ቆሻሻ» ነው።

በሌላው ዓለም ይኸው ሥራ ስም አለው፣ ገበያ አለው፣ ኢንዱስትሪ አለው። ስኬል ሞዴል ይባላል። አንድ እውነተኛ መኪና በልክ ተቀንሶ፣ ክፍሎቹ ተበታትነው በካርቶን ሳጥን ይሸጣሉ። ሳጥኑ ሲከፈት መኪና የለም። ያለው በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ቁርጥራጭ ነው፤ በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ መቀመጫ፣ ስፖኪዮ። ገዢው አንድ በአንድ ይቆርጣል፣ ጠርዙን በሸካራ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ያጣብቃል፣ ይቀባል። አንድ ፒካፕ ሠርቶ ለመጨረስ ሳምንታት የሚወስድበት ሰው ሞልቷል።

ጎበዝ የሚባለው ደግሞ መመሪያው ላይ አይቆምም። መኪናውን ከፍ ያደርገዋል ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ይሠራለታል። ካሶኒው ውስጥ ተጨማሪ ጎማ፣ ጀሪካን፣ የታጠፈ ሸራ ያስቀምጣል። ከፓራፋንጎው ሥር ዝገትና ጭቃ ይቀባል፤ መኪናው ከፋብሪካ ሳይሆን ከሥራ የመጣ እንዲመስል። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ጡረተኞች በዚህ ሥራ ሌሊቱ ይነጋባቸዋል። ማንም «ቆሻሻህን ጥለህ ግባ» አይላቸውም።

በዚህ ገበያ ከገነኑት ስሞች አንዱ የጃፓኑ ታሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946፣ ጃፓን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ቀና ሳትል፣ ታሚያ ሺዙኦካ በተባለች ከተማ ጣውላ እየሰነጠቀ የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ቀስ ብሎ ከእንጨቱ ሞዴል መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል ያወጣው በ1960 ነው። በ1981 ደግሞ የቶዮታን ፒካፕ በአንድ አሥረኛ ልክ አሳንሶ፣ በሬዲዮ የሚነዳ አድርጎ አቀረበው። ዛሬ ያ ፒካፕ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለግ ቅርስ ሆኗል።

የእንጦጦን ተዳፋት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። እንጨት እየቆረጡ መሸጥ እዚህም አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከመቶ ዓመት በላይ ተቆርጧል፤ ለማገዶ፣ ለአጣና፣ ለአጥር፣ ለፎቅ መወጣጫ። እናቶች በጀርባቸው ተሸክመው አውርደውታል፣ አሁንም ያወርዱታል። እንጨቱም ጉልበቱም ከሺዙኦካ አያንስም። እዚያ የተጨመረው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ጣውላ ልክ ያለው ነገር ሊወጣ ይችላል የሚል ሐሳብ።

*

«ልክ» የሚለው ቃል የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። የሽቦውን ፒካፕ ከሳጥኑ ፒካፕ የሚለየው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ፕላስቲኩን ወይም ቀለሙን ይጠቅሳል። ትክክለኛው መልስ ማስመሪያ ነው።

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ በመንገዱ ዳር ጎሚስታ አይጠፋም። በሩ ላይ የተደገፈው የፒካፕ ጎማ ጎኑ ላይ የሚነበብ ቁጥር አለው። ለምሳሌ 265/65 አር 17፤ በብዙ ሃይሉክሶች ላይ የሚታይ ልክ ነው። 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎማው ግድግዳ ከፍታ የወርዱ 65 በመቶ ነው፤ ወደ 172 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው፤ ወደ 432 ሚሊ ሜትር። ግድግዳው ከቸርኬው በላይም በታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይደመራል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው።

አሁን ይህን ለ24 ማካፈል ነው። በመኪና ሞዴል ዓለም በብዛት ከሚሠራባቸው ልኮች አንዱ አንድ ሃያ አራተኛ ነውና። ውጤቱ 32 ሚሊ ሜትር ከምናምን ይሆናል።

የለስላሳ ወይም የቢራ ጠርሙስ ቆርኪ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሲለካ ስንት ነው? 32 ሚሊ ሜትር።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የዚያው ጎማ ወርድ፣ 265 ሚሊ ሜትር፣ ለ24 ሲካፈል 11 ይሆናል። የአንድ ቆርኪ ከፍታ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ቆርኪ ፊት ለፊት ሲገጠሙ 12። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ብቻ! ልጆች ሁለት ቆርኪ አጋጥመው ጎማ የሚሠሩት ይህን አስልተው አይደለም። እጃቸው ላይ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው፤ ዓይናቸውም «ይሄ ያምራል» ስላላቸው ነው። ግን በየካ ጓሮ የወዳደቀው ቆርኪ የዓለም ሞዴል ሠሪዎች በሚስማሙበት ልክ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ኖሯል። የጎደለው ይህንን ለልጁ የሚነግረው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የአምስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ24 ሲካፈል 22 ሴንቲ ሜትር። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 3 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ በሞዴሉ 13 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ወርዱ 1 ሜትር ከ85 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ በሞዴሉ 7.7 ሴንቲ ሜትር። እነዚህን አራት ቁጥሮች በካርቶን ላይ የጻፈ ልጅ አሻንጉሊት መሥራቱን አቁሟል። ንድፍ ጀምሯል። ሬሾ፣ ክፍፍል፣ በመቶኛ፣ ኢንችን ወደ ሚሊ ሜትር መቀየር፣ ሁሉም በአንድ ከሰዓት ይማረካሉ። ያውም ማንም «አጥና» ሳይለው።

የልጁን ዓይን ደግሞ አቅልሎ ማየት አይገባም። የሽቦ ፒካፕ የሚሠራ ልጅ የሰፈሩን መኪኖች አብጠርጥሮ ያውቃቸዋል። የነጠላ ጋቢናው ካሶኒ ከደብል ጋቢናው እንደሚረዝም ያውቃል። የሾላ ገበያን አትክልት የሚያመላልሰው ፒካፕ ከኋላ ባሌስትራው እንደ ረገበ፣ አፍንጫውም ወደ ላይ እንደ ቀና ያውቃል፤ በሽቦውም ያንኑ ያደርጋል። ታርጋ ሲሥልለት ለጭነቱ መኪና አረንጓዴ ኮድ 3፣ ለመንግሥት ጥቁር ኮድ 4 ይቀባል። የኋላ መስታወቱ ላይ ጥቅስ ይጽፋል። ይህ ባህር ማዶ ኪት ገዝተው በብሩሽ ዝገት የሚቀቡት ሰዎች የሚደክሙለት ሥራ ነው፤ ተመልክቶ፣ ለይቶ፣ አሳንሶ መሥራት።

*

የመኪናን ክፍሎች በአማርኛ የሚጠራ ሰው ሳያውቀው የጣልያንኛ ትምህርት ቤት ገብቷል። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። እነዚህን ቃላት የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አላስገባቸውም። ያስገባቸው እጅ ነው። አንዱ ሲሠራ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ፒንሳ እያቀበለ፣ ቃሉን ከሥራው ጋር ተቀበለው። ከጣልያኖቹ ወደ መጀመሪያዎቹ መካኒኮች፣ ከእነሱ ወደ ረዳቶቻቸው፣ ከረዳቶቹ ዛሬ ቆርቆሮ ወደሚቆርጠው ልጅ ደረሰ።

ይህ የሚነግረው ነገር አለ። በዚህች አገር የመኪና ዕውቀት በትምህርት ቤት በር አልገባም፤ በጋራዥ በር ነው የገባው። የጋራዡ በር ደግሞ ዛሬም «ትምህርት ያልዘለቀው» የሚላክበት በር ተደርጎ ይታያል። ባቲላሜራው የተጨማደደ በር በመዶሻና በዓይን ልኬት ወደ ፋብሪካው ቅርጽ ሲመልስ የሚያሳየው ችሎታ በየትኛውም አገር የተከበረ ሙያ ነው። እዚህ ግን ልጁን ወደ ሙያ የሚልክ ወላጅ ለጎረቤት ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሽቦው ፒካፕ «ቆሻሻ» የተባለውም ከዚሁ ንቀት ነው። ዱላው ያረፈው አሻንጉሊቱ ላይ ይምሰል እንጂ ሙያው ላይ ነው።

የዚህ ንቀት ዋጋ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና «ተመረተ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ሥራ መገጣጠም ነው። ጉርድ ሾላ አካባቢ ያለው አምቼ እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሥርቶ የጣልያን የጭነት መኪኖችን ሲገጣጥም ኖሯል። ሆላንድ ካር «አባይ» የሚል የአገር ስም የሰጠውን የቻይና መኪና ገጣጥሞ ሸጧል፤ ዕድሜው ግን አልረዘመም። ሊፋን ዱከም ላይ ገጣጥሟል። ክፍሎቹ ተበታትነው በሳጥን ይመጣሉ፣ በመመሪያው መሠረት ይገጠማሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ሪባን ይቆረጣል። ይህ ምን ያህል ከታሚያ ሳጥን ይለያል? ልኩ አንድ ለአንድ መሆኑ ብቻ ነው።

መገጣጠም ነውር የለበትም። ጃፓንም ኮሪያም በዚያ መንገድ አልፈዋል። ነውሩ እዚያው መቅረት ነው። ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ኪት የሚገጣጥም ሰውና ከባዶ የሚሠራ ሰው ይለያሉ፤ ከባዶ የሚሠራው ከፍ ያለ ክብር አለው። ከላሜራና ከሽቦ፣ ያለ መመሪያ፣ ያለ ሳጥን አንድ ፒካፕ ማቆም የመጨረሻው እርከን ነው። የየካው ልጅ የጀመረው ከዚያ ነው፤ መሰላሉን ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ይዞታል። አገሩ ግን ወደታች ይጎትተውና፣ ሲያድግ የሌላ ሰው ሳጥን ከፍቶ ብሎን እንዲያጠብቅ ይጠብቀዋል።

ጊዜውም አይጠብቅም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቀ። የእነዚህ ውሳኔዎች ትርጉም ለጋራዡ ግልጽ ነው። በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከታሰበው በላይ መኖር አለባቸው። የሚተካ ዕቃ ሲጠፋ ልኩን ወስዶ የሚሠራ እጅ ያስፈልጋል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲበላሹም ሌላ ዓይነት እጅ ያስፈልጋል፤ ንድፍ አንብቦ፣ ለክቶ፣ በትዕግሥት የሚፈታ። ያ እጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው በአንድ የሥልጠና ሠርተፊኬት አይገኝም። በአሥር ዓመቱ ሽቦ ሲጠመዝዝ ነው የሚጀመረው።

*

ይህን አስቀድሞ የገባው አንድ ታላቅ ኩባንያ ነበር። በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ የአካል ሥራ ክፍል የሆነው ፊሸር ቦዲ እ.ኤ.አ. በ1930 ለታዳጊዎች የሞዴል ውድድር ጀመረ። መጀመሪያ የሚሠሩት የጥንት ሠረገላ ነበር። ከ1937 ጀምሮ ግን ልጆቹ የራሳቸውን መኪና ነድፈው፣ በአንድ አሥራ ሁለተኛ ልክ ሠርተው እንዲያቀርቡ ተደረገ። ሽልማቱ የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ነበር። ውድድሩ እስከ 1968 ዘለቀ።

ኩባንያው ይህን ያደረገው ለጽድቅ አልነበረም። ዓይኑ ያየውን እጁ የሚታዘዝለት ልጅ የት እንዳለ ማወቅ ፈልጎ ነው። አወቀም። እ.ኤ.አ. በ1947 ካሸነፉት ወጣቶች አንዱ ቻክ ጆርዳን ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ ጄኔራል ሞተርስ ገባ። በ1955 ከወጣው የሼቭሮሌ «ካሜዮ» ፒካፕ ንድፍ ጀርባ ስሙ ይነሳል፤ ፒካፕ የጭነት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሚያምር መኪናም ሊሆን እንደሚችል ካሳዩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። በ1986 ጆርዳን የመላው ኩባንያ የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ጠረጴዛ ላይ በተሠራ ትንሽ መኪና የተጀመረ መንገድ ነው።

አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። ውድድሩ የወንዶች ልጆች ብቻ ነበር። የካ ይህን ጉድለት መድገም የለባትም። በእንጦጦ ተዳፋት ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ክብደት ወዴት እንደሚጎትት፣ ገመድ የት ላይ መታሰር እንዳለበት ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ከእናቶቻቸው ጋር ጭራሮ የሚያወርዱ ሴቶች ልጆች ናቸው። ካሶኒ ላይ ጭነት የማመጣጠን ነገር ለእነሱ አዲስ ትምህርት አይሆንባቸውም።

*

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡት ተቃውሞዎች የታወቁ ናቸው፤ ከመካከላቸው ሚዛን የሚደፉም አሉ።

የመጀመሪያው ድህነትን ማሞካሸት ነው የሚለው ነው። ልጁ በቆርኪ የሚጫወተው መግዣ ስለሌለው ነው፤ ይህን እንደ ጥበብ ማውራት በችግሩ ላይ መዘበት ነው ይላሉ። ተቃውሞው እውነት አለው። ፌስቡክ ላይ የሽቦ መኪና የያዘ ልጅ ፎቶ ለጥፎ «ብሩህ አእምሮ!» ብሎ ማለፍ በእርግጥ መዘበት ነው። ሰባት ሺህ ላይክ ለልጁ አንድ ፒንሳ አይገዛለትም። ግን መልሱ ሥራውን መናቅ ሊሆን አይችልም። መልሱ ማስመሪያውን፣ ጠረጴዛውን፣ መሣሪያውንና ዳኛውን ማቅረብ ነው። ድህነትን ማሞካሸት የሚባለው አድንቆ ባዶ እጁን መሄድ ነው።

ሁለተኛው ዘመኑ የኮምፒውተር ነው የሚለው ነው። መንግሥት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምሯል፤ ልጆች ኮድ ይማሩ እንጂ ሽቦ ይጠምዝዙ እንዴ? ኮዱን መማራቸው መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ መኪና በኮምፒውተር የሚነድፉት ፋብሪካዎች እንኳ ከስክሪኑ በፊትም በኋላም ሞዴል በሸክላ ይቀርጻሉ፤ ዓይን ስክሪን ላይ የሚሸወደው በእጅ ሲዳሰስ ስለሚታወቅ ነው። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። ጎማውን ለ24 ማካፈል የቻለ ልጅ ነገ ያንኑ ስሌት ለኮምፒውተር ማዘዝ አይከብደውም። ስልክ ላይ የመኪና እሽቅድምድም ሲጫወት የሚውለው ልጅ ግን ኮደር እየሆነ ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው የወላጅ ፍርሃት ነው። ቆርቆሮ እጅ ይቆርጣል፣ ሽቦ ዓይን ይወጋል። ትክክል ነው። ልጆቹ ዛሬ የሚሠሩት በዝገት ቆርቆሮና በተሰበረ ቢላ፣ ማንም ሳያያቸው ነው። ጓንትና ጠርዝ ማለስለሻ ያለበት ክፍል፣ አጠገባቸው የቆመ ባለሙያ ቢኖር አደጋው ይቀንሳል። «ጣለው» ማለት ግን አደጋውን ወደ ጓሮ ይሸሽገዋል እንጂ አያስቀረውም።

*

ምን ይደረግ? የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት ወይም አዲስ ተቋም አይደለም። ያለው ይበቃል።

በየወረዳው የወጣት ማዕከል አለ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው የፑል ጠረጴዛና ቴሌቪዥን ነው። ከአንዱ ጥግ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ሞርሳ፣ ሁለት ፒንሳ፣ ሰጌቶ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ጓንት። ግድግዳው ላይ የፒካፑ አራት ልኮች በትልቁ ይጻፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት የሚያሳልፍ አንድ የሰፈር ባቲላሜራ ወይም የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ይመደብ። የመምህራን ማሠልጠኛ የሆነው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚያው የካ ውስጥ ነው። ዕጩ የሂሳብ መምህራን ለልምምድ ሲወጡ ሬሾን በቆርኪ ማስተማርን ቢሞክሩት ተማሪውም መምህሩም ይጠቀማሉ።

ከዚያ ውድድር ይሁን። ደንቡ አጭር ነው። ልኩ አንድ ሃያ አራተኛ። ጎማው ቆርኪ። ቁሱ የተጣለ ነገር ብቻ፤ ተገዝቶ የመጣ ክፍል የለም። መሪው የፊት ጎማውን በእውነት ማዞር አለበት። ካሶኒው አንድ ኪሎ ጭኖ ባሌስትራው መቆም አለበት። ዳኞቹ ሦስት ይሁኑ፤ አንድ ጎሚስታ፣ አንድ ባቲላሜራ፣ አንድ የሂሳብ መምህር። ግማሹ ነጥብ ለልክ ይሁን፣ ቀሪው ለጥንካሬና ለፈጠራ። ሥራው ለየትኛው የሰፈር ሙያ እንደተዘጋጀ ልጁ ወይም ልጅቷ ቆመው ያስረዱ። የአትክልት ነጋዴ ፒካፕ ነው? የግንበኛ ነው? የመብራት ጠጋኝ ነው? መሰላሉ የት ይታሰራል? ይህን የመለሰ ልጅ ስለ ዲዛይን ዋናውን ነገር መልሷል።

የማጠቃለያው ቦታም አለ። በ2013 መስከረም የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለፈረስ ግልቢያና ለቡና ብቻ የተሠራ አይደለም። ከባሕር ዛፉ ሥር አንድ ተዳፋት ተመርጦ፣ የሽቦ ፒካፖቹ ጭነታቸውን ይዘው ሲወርዱ ማየት ከብዙ ኤግዚቢሽን ይበልጣል። ፍሬን የሌለው በዚያ ይታወቃል። አሸናፊዎቹ ሥራዎች በሳይንስ ሙዚየም አንድ መደርደሪያ ይሰጣቸው። እዚያ ካሉት ሮቦቶች አጠገብ ቢቀመጡ አያፍሩም። ሽልማቱም ዋንጫ አይሁን፤ በስማቸው የተቀረጸበት የመሣሪያ ሳጥንና በአንድ ጥሩ ጋራዥ የክረምት ልምምድ ይሁን። ዋንጫ ቴሌቪዥን ላይ አቧራ ይጠጣል፣ ፒንሳ ግን ሥራ ይወልዳል።

መኪና አስመጪዎችና ገጣጣሚዎችም ከዚህ አይቀሩም። እንደ ፊሸር ቦዲ ያስሉ። ነገ ለኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው የሚቀጥሩት ባለሙያ ዛሬ የት እንዳለ ማወቅ ከፈለጉ፣ በየአደባባዩ ከሚሰቅሉት ማስታወቂያ ያነሰ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል።

*

ቅዳሜው ገና አላለቀም። «ቆሻሻህን ጣል» የተባለው ልጅ ፒካፑን አልጣለም፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ከመኪና ሥር ግማሽ አካሉ የወጣ መካኒክ አየት አደረገው።

«ማሙሽ፣ ባሌስትራህ የት አለ? በዚህ አያያዝ አጣናው ዳገት ላይ ይጥልሃል እኮ።»

«ጋሼ፣ ሽቦ አልቆብኝ ነው።»

ሰውየው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ከመሣሪያ ሳጥኑ አንድ ክንድ ሽቦ ቆርጦ ሰጠው። ሜትሩንም አወጣ። «ና፣ መጀመሪያ ከጎማ እስከ ጎማ እንለካው።»

አንዱ ትልቅ ሰው «ጣል» አለ፣ ሌላው ትልቅ ሰው «እንለካው» አለ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ አስፋልት ብቻ ነው። አገር በየትኛው ወገን እንደሚቆም የሚወሰነው እዚያ ነው። ቆርኪው እንደሆነ ልኩን ያውቃል፤ 32 ሚሊ ሜትር ነው፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ልካቸውን ማወቅ የቀራቸው ትልልቆቹ ናቸው።